የ2006 መርሴዲስ ኢ350 ልግዛ ወይስ ልተወው? ደብልዩ211 የሚያውቅ ሰው ይርዳኝ

ናቲ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው። እዚሁ ሜሪላንድ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ የ2006 ኢ350 እየሸጡ ነው። ጥቁር ነው፤ ውስጡ ክሬም ቆዳ፤ 118 ሺህ ማይል ሄዷል። 4,900 ዶላር ነው የሚሉት። ሄጄ ነድቼው አየሁት። የበሩ አዘጋግ ራሱ ሌላ ነው። ሀይዌይ ላይ 70 እየነዳሁ 45 መስሎኝ ነበር። ልቤ እዚያው ቀርቷል ብላችሁ ማጋነን አይሆንም።

አንድ ነገር ብቻ ከንክኖኛል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የቼክ ኢንጂን መብራት አልጠፋም። ሰውየውን ስጠይቃቸው «የነዳጅ ክዳኑ በደንብ ስላልተዘጋ ነው» አሉኝ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ካምሪ ግዛ» እያለ ያደርቀኛል። ሥራዬ ታይሰንስ ስለሆነ በየቀኑ ቤልትዌይ (ዋሽንግተንን የሚዞረው ሀይዌይ) ላይ ነኝ። ሃያ ዓመት የጠገበ መኪና ይህን ይችላል? ምኑን ልይ?

ካምሪ ይበቃናል

ካምሪ ግዛና እንቅልፍህን ተኛ። ውይይቱ እዚህ ላይ ይዘጋልኝ።

ሄለን ሲያትል

መጣ ደግሞ! ልጁ የጠየቀው ስለ ቤንዝ ነው። ናቲ፣ እኔ የ2005 ኢ320 አለኝ፤ በየቀኑ ነው የምነዳው። ግን ያንተ ሞተር ከእኔው ይለያል። ጋሼ እስኪመጡ ጠብቅ፤ በዚህ ነገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ እዚህ የለም።

የድሮ መካኒክ

እየሰማሁ ነው ሄለንዬ። ናቲ፣ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆየውና ልንገርህ።

አዲስ አበባ ያደግኩት ማርቼዲስ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ እዚህ ቨርጂኒያም እንጀራዬ እሱው ነው። 211፣ ማለትም ያንተ ኢ350 ያለበት የኢ ክላስ ትውልድ፣ ጥሩ መኪና ነው። ከሱ በፊት የነበረው 210 ዝገት በልቶ የሚጨርሰው ነበር፤ የፊት ሞላው የሚቀመጥበት ብረት ከነብየዳው ተገንጥሎ የመጣ አይቻለሁ። 211 ከዚያ ጣጣ ተገላግሎ ነው የወጣው። ግን ሁሉም 211 አንድ አይደለም። አሜሪካ የተሸጠው ከ2003 እስከ 2009 ሞዴል ነው። በመሃል ሞተሩም ፍሬኑም ተቀይሯል። አንተ የወደድከው 2006 ደግሞ ሁለቱ ትልልቅ በሽታዎች የተገናኙበት ዓመት ነው።

ከሞተሩ ልጀምር። ኤም272 ይባላል፤ 3.5 ሊትር፣ ቪ6። ንዝረቱን የሚያስታግስ ባላንስ ሻፍት የሚባል ዘንግ ውስጡ አለ። ዘንጉን የሚያዞረው የታይሚንግ ሰንሰለቱ ነው። መጀመሪያ በተመረቱት ሞተሮች ላይ የዚህ ዘንግ ጥርስ ጥንካሬ የለውም፤ ሰንሰለቱ እየፋቀ ይጨርሰዋል። ጥርሱ ሲያልቅ ሰንሰለቱ ቦታውን ይስታል፤ የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጊዜ ይዛነፋል፤ ቼክ ኢንጂን ይበራል። ችግሩ ምን መሰለህ፣ መኪናው በዚያን ሰዓትም ምንም እንዳልሆነ ይነዳል። ገዢው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። አንተም ነድተኸው ደስ ብሎህ ተመለስክ አይደል?

ዕቃው ራሱ እንኳን ያን ያህል አያስፈራም። ግን እሱን ለመቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት፤ ወርዶም ይፈታል። የእጅ ዋጋው ብቻ መኪናውን ከምትገዛበት ዋጋ ጋር ይቀራረባል።

ስለዚህ የነዳጅ ክዳን የሚባለውን ተረት ተወውና ኮዱን (ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ቁጥር) አስነብብ። የማርቼዲሱ ማሽን ላይ 1200 ወይም 1208 ከመጣ ነገሩ አብቅቷል። በተራው ማንበቢያ ብዙ ጊዜ ፒ0016 ወይም ፒ0017 ይላል። ኮድ ባይኖርም የሞተሩን ቁጥር እይ። የመጨረሻዎቹ ስድስት አሃዞች ከ468993 በታች ከሆኑ አሮጌው ጥርስ ያለበት ነው። ጎንበስ ብለህ መፈለግ ከከበደህ የቻሲ ቁጥሩን ለመርሴዲስ ዲለር ስጣቸው፤ የሞተሩን ቁጥር ይነግሩሃል።

የፍሬኑን ማታ እጽፋለሁ፤ አሁን ሊፍት ላይ የሰቀልኩት አለ።

ናቲ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። 1200 የሚባለው ኮድ ከመጣ ግን ማስጠገን አይቻልም ማለት ነው ወይስ አያዋጣም?

የድሮ መካኒክ

ይቻላል። አያዋጣም።

ፍራንክፈርት ናፍጣ

ሰላም ከጀርመን። እናንተ አሜሪካኖች በቤንዚኑ ትሰቃያላችሁ። እዚህ የታክሲ ሹፌር የሚምለው በኢ220 ሲዲአይ ነው። አራት ሲሊንደር፣ ናፍጣ። እኔ ራሴ ቢጫ ወደ ክሬም የሚያደላውን የታክሲ ቀለም ነው የነዳሁት። መቀመጫው አልቆ፣ መሪው ተላልጦ፣ ሞተሩ ግን እንዳለ ነው።

የናፍጣውም የራሱ ጉድ አለው። ኢንጀክተሩ (ነዳጅ የሚረጨው) ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ የሚቀመጥባት የመዳብ ሮንዴላ ካለቀች ጋዝ ማምለጥ ይጀምራል። ጠዋት ስታስነሳው «ቺፍ ቺፍ» የሚል ድምፅ ትሰማለህ። መስኮት ዘግተህ ማሞቂያ ስትከፍት የጭስ ሽታ ይገባል። የሞተሩን ፕላስቲክ ክዳን አንሳው፤ ኢንጀክተሩ ዙሪያ አስፋልት የመሰለ ጥቁር ነገር ደርቆ ታገኛለህ። በጊዜ ከያዝከው ሮንዴላ መቀየር ነው። ከቆየ ኢንጀክተሩ እዚያው ይጣበቅና አልወጣም ይላል፤ ያኔ መካኒኩም አንተም አብራችሁ ታለቅሳላችሁ።

ሄለን ሲያትል

እዚህም እኮ ናፍጣ ነበር። ኢ320 ሲዲአይ፣ 2005 እና 2006። ስድስቱም ሲሊንደር በአንድ መስመር ነው። የሚሸጥ ካለ ግን ሰው ተሻምቶ ነው የሚወስደው።

ፍራንክፈርት ናፍጣ

እሱን ካገኛችሁ ያዙት። ከዚያ በኋላ የመጣው ቪ6 ናፍጣ፣ ኦኤም642 የሚባለው፣ ጉልበቱ ጥሩ ነው። ግን የዘይት ማቀዝቀዣውን ሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መሃል፣ ከታች ቀበሩት። የሱ ጓርኒሲዮን ሲያልቅ ዘይት ከኋላ ወደ ካምቢዮው ይወርዳል። ሰው ሁሉ የክራንክ ሲል ነው ብሎ ያስፈታል። ዕቃው ርካሽ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግን ቱርቦው ሳይቀር ይነሳል።

የድሮ መካኒክ

ተመልሻለሁ። አሁን ፍሬኑ።

ከ2003 እስከ 2006 ያሉት 211ዎች ኤስቢሲ የሚባል ፍሬን አላቸው። የቦሽ ሥራ ነው። እንደ ሌላው መኪና ፔዳሉን ስትረግጥ የፍሬን ዘይቱን በእግርህ ገፍተህ ጎማ ጋ አታደርስም። ሴንሰር ምን ያህል እንደረገጥክ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ፖምፓው አስቀድሞ አምቆ የያዘውን ግፊት ለእያንዳንዱ ጎማ ለየብቻ ያካፍላል። ጠዋት ገና በሩን ስትከፍት ኮፈኑ ስር «እዝዝ» የሚል ድምፅ ከሰማህ እሱ ነው፤ እየተሞላ ነው።

ሲሠራ ግሩም ነው። የሚያጣላው ፖምፓው ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው። ስንት ጊዜ እንደተረገጠ ኮምፒውተሩ ይቆጥራል። ቁጥሩ ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ «ሰርቪስ ብሬክ፣ ቪዚት ወርክሾፕ» ይላል። ፈጽሞ ሲበላሽ መኪናው ፍሬን አልባ አይሆንም፤ ግን የፊት ሁለቱ ጎማዎች ብቻ ይቀሩልሃል። ፔዳሉ ወደ ታች ረጅም ይሄዳል፤ ባለህ ጉልበት መጫን አለብህ። ቤልትዌይ ላይ ዝናብ እየዘነበ ይህን አስበው።

መርሴዲስ በ2004 ለዚህ ፍሬን 680 ሺህ መኪና ጠርቶ ነበር። በ2005 ደግሞ ፍሬኑንም ሌላውንም ጨምሮ 1.3 ሚሊዮን ጠራ። በ2006 መልኩን ሲያድስ፣ ማለትም ከ2007 ሞዴል ጀምሮ፣ ወደ ተራው የሃይድሮሊክ ፍሬን ተመለሰ። ደግ ዜናው አሜሪካ ውስጥ የዚህን ፖምፓ ዋስትና ወደ 25 ዓመት ማራዘማቸው ነው። ስለዚህ በቻሲ ቁጥሩ ዲለር ጠይቅ፤ ተቀይሮ እንደሆነም እዚያው ይታወቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሁላችሁም። ኤስቢሲ ያለው መኪና ላይ የፍሬን ሸራ በጓሮ አትቀይሩ። መጀመሪያ ሲስተሙ በማሽን መጥፋት አለበት። አንድ ሰው በሩን ከከፈተ ፖምፓው በራሱ ይነሳል፤ ፒስተኑ ይገፋል፤ ጣት እዚያ ካለ ጣት ነው የሚሄደው።

ካምሪ ይበቃናል

በር ሲከፈት ጣት የሚቆርጥ መኪና! እኔ የምለው ነገር አለኝ?

ሄለን ሲያትል

አንተ ዝም በል። 😄

ናቲ፣ እኔ የማውቀውን ልጨምር። የኔ ሞተር ኤም112 ነው፤ 3.2 ሊትር፣ 221 የፈረስ ጉልበት። ያ የጥርስ ጣጣ የለበትም። አንድ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው፤ ሲቀየር አሥራ ሁለት ትገዛለህ ማለት ነው። እኔ ጋ እስካሁን ያጋጠመኝ ይኼ ነው።

ሞተሩ ሲግል በድንገት ጠፋ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ቀዝቀዝ ሲል ተነሳ። የክራንክሻፍት ሴንሰር ነው። ትንሽ ብር ናት፤ አሁን አንድ ትርፍ ኮፈን ውስጥ ሳይሆን ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለችው ብል ትስቁብኛላችሁ። ቀጥሎ የዘይት ማፍሰስ። ሞተሩ ላይኛ ክዳን ላይ ያሉት የመተንፈሻ ሽፋኖች ሲሊኮናቸው ደርቆ ነበር። መካኒኬ አጽድቶ መልሶ ለጠፋቸው። ሽታው ማርሚታው ላይ ሲንጠባጠብ ነው የሚመጣው፤ መብራት ላይ ስትቆም ይሰነፍጣል።

ከሁሉም ያስገረመኝ ካምቢዮው ነው። አምስት ማርሽ ነው፤ ሰባት ማርሽ ካለው የኔው ይሻላል ይላሉ። ጎኑ ላይ ሽቦው የሚገባበት ክብ የፕላስቲክ መሰኪያ አለ። የሱ ኦሪንግ ሲያረጅ የካምቢዮው ዘይት በሽቦዎቹ ውስጥ ለውስጥ ሽቅብ እየተሳበ ኮምፒውተሩ ድረስ ይደርሳል። ኮምፒውተሩ ያለው መኪናው ውስጥ፣ ከፊት ተሳፋሪው እግር ስር ነው! መካኒኬ ሶኬቱን ነቅሎ ሲያሳየኝ ጫፎቹ በቀይ ዘይት ተነክረው ነበር። መሰኪያው ርካሽ ናት፤ ኮምፒውተሩ ግን አይደለም።

የድሮ መካኒክ

ሄለን ትክክል ነሽ። ልጨምርበት፦ ዘይቱን ካልቀየሩት ያ ካምቢዮም አይተርፍም። መጀመሪያ «ለዕድሜ ልክ ነው» ተብሎ ስለወጣ ሳይነካ 150 ሺህ ማይል የሄደ ሞልቷል። የ2003 መኪና ካያችሁ ደግሞ ራዲያተሩን ጠይቁ። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ነው፤ የድሮው ራዲያተር ውስጡ ሲሰነጠቅ ውሃውና ዘይቱ ይቀላቀላሉ። ምልክቱ፦ በ40 ማይል አካባቢ ቀስ ብለህ ነዳጅ ስትጨምር መኪናው ሻካራ መንገድ ላይ ያለህ ይመስል ይርገፈገፋል።

ሌላም። ኤም112 ላይ የክራንኩ የፊት ፑሊ መሃሉ ጎማ አለው። ጎማው ሲለቅ የውጭው ቀለበት ወደ ውስጥ ይገባና የሞተሩን ፊት መፋቅ ይጀምራል። ሞተሩ እየሠራ በባትሪ አብርተህ እየው። እየተወላገደ የሚዞር ከሆነ ሳትነዳው አስቀይር።

ዱባይ ያለሁት

ለናቲ ሳይሆን ኢ500 ለሚያስቡ ሰዎች ልናገር። ኤርማቲክ የሚባለው የአየር ሰስፔንሽን እሱ ላይ አለ። አየር የሚይዘው የጎማ ከረጢት እዚህ ሙቀት ላይ ይሰነጣጠቃል። ማታ ቀጥ ብሎ ያቆምከው መኪና ጠዋት እንደ ግመል በአንድ ጎኑ ተንበርክኮ ታገኘዋለህ። «ሲነሳ ይነሳል» ብለህ ከነዳኸው ደግሞ የአየር ፖምፓው ያለ ዕረፍት እየሠራ ይቃጠላል። አንዱን በጊዜ ያልቀየረ ሁለቱን ይገዛል። ሻርጃ ያገለገለ ይሸጣል፤ ግን ያገለገለ ከረጢት ከሌላ መኪና ነቅሎ መግጠም ምን ዋጋ አለው? አዲስ ግዙ፤ ወይም ሞላ ያለውን መኪና ምረጡ።

ቤቲ አትላንታ

ከርዕስ ልውጣና አባቴ አዲስ አበባ ናቸው፤ ቤንዝ ይወዳሉ። አንዱን ገዝቼ ብልክላቸውስ?

ሰሚት 72

አትልኪም። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚገባው። አባትሽ ቤንዝ ከወደዱ እዚሁ ያለውን ይግዙላቸው።

211ን ግን አልመክርም። ሶማሌ ተራ የ124 (የድሮው ቤንዝ) ዕቃ ብትጠይቂ አንዱ ካንዱ እየተቀባበለ ያመጣልሻል። የኤስቢሲ ፖምፓ ብትይው «እሱ ምንድነው?» ነው የሚልሽ። 124ም ያው እንከን አያጣም፤ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ላይ የተሠሩት የሞተር ሽቦ ሽፋኑ እየተፈረፈረ እርስ በርሱ ይነካካል። ግን ሽቦ ነው፤ ኤሌክትሪሽያን ቁጭ ብሎ ይቀጥለዋል።

የድሮ መካኒክ

124! አንተ ልጅ ናፍቆት ቀሰቀስክብኝ። እሱን ሌላ ቀን እንክፈትለት።

ናቲ ሲልቨር ስፕሪንግ

ተመለስኩ። ወሬ አለኝ።

ሽማግሌውን አስፈቅጄ አንድ ጓደኛዬ ማሽን ይዞ መጣ። 1208 ወጣ። ጋሼ እንዳሉት። ዲለር ደውዬ በቻሲ ቁጥሩ የሞተሩን ቁጥር ወሰድኩ፤ ከ468993 በታች ነው። የፍሬኑ ፖምፓ ግን ከዚህ በፊት ተቀይሯል አሉኝ። ሰውየው ወረቀቱን ሳሳያቸው ፊታቸው ቀይ ሆነ። ተንኮል አይመስለኝም፤ እሳቸውም እውነት ክዳኑ መስሏቸው ነበር። ወዲያው 3,000 አሉኝ። አሁን በ3,000 ምን ትላላችሁ?

ካምሪ ይበቃናል

ክዳን ግዛላቸው።

ዱባይ ያለሁት

በ3,000 ገዝተህ ከተጋጨ የ2008 መኪና ላይ ሞተር ብታስገባስ? እኛ ጋ ይሠራል።

የድሮ መካኒክ

ሻርጃ ይሠራል፤ የእጅ ዋጋው ሌላ ነው። እዚህ ያገለገለ ሞተር፣ ማስገቢያው፣ አብሮ የሚቀየረው የሞተር ማውንቲንጉ፣ ጓርኒሲዮኑ ሲደመር የሚበልጥ መኪና ትገዛበታለህ። ያ ሞተር ራሱ ቁጥሩ ካልታየ ደግሞ ያንኑ ጥርስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ናቲ፣ መኪናው ቆንጆ ነው፣ ሰውየውም ደህና ሰው ናቸው፤ ተሰናበታቸው።

ኢ350 ካሰኘህ 2008 ወይም 2009 ፈልግ። ከሁለቱም በሽታ ያመለጡት እነሱ ናቸው። 2007ን ቁጥሩን ሳታይ አትንካ። እነዚያም ቢሆኑ ቅዱስ አይደሉም። ኢንቴክ ማኒፎልዱ (ለሞተሩ አየር የሚያስገባው) ውስጥ ያለች የፕላስቲክ ዘንግ ትሰበራለች። ቴስታታው ከኋላ በኩል ክብ ክብ የፕላስቲክ ክዳኖች አሉት፤ እነሱ ዘይት ያንጠባጥባሉ። ግን እነዚህ ሞተር አያስወርዱም።

ገንዘቡ ለዚያ ካልደረሰ ደግሞ እንደ ሄለን ያለ የ2005 ኢ320። ኤስቢሲ አለው፤ ዋስትናው ግን አለልህ።

ሄለን ሲያትል

ደግሞ 91 ኦክቴን ነው የሚጠጣው፤ ዘይቱም ወደ 8 ሊትር ነው። ለካምሪ የለመደች ኪስ ትደነግጣለች። አስቀድመህ እወቀው።

ናቲ ሲልቨር ስፕሪንግ

እሺ፣ ሰማሁ። ውድብሪጅ አንድ የ2005 ኢ320 አገኘሁ። ብርማ ነው፤ 141 ሺህ ማይል፤ 4,200 ዶላር። ከአዲስ ጀምሮ አንድ ሰው እጅ ላይ ነው የነበረው። የሰርቪስ ደረሰኝ ወፍራም ፋይል ሙሉ አላቸው። የካምቢዮ ዘይት ሁለት ጊዜ ተቀይሯል ይላል። ያየሁት ችግር፦ በሩን ስከፍት ያ «እዝዝ» የሚለው ድምፅ ትንሽ ረዘም አለብኝ። መሪው ወደ ቀኝ ሲታጠፍም የሆነ ጓ የሚል ነገር አለ።

ሄለን ሲያትል

ደረሰኝ ያለው መኪና! በል ቶሎ በል፣ ሌላ ሰው ሳይቀድምህ።

የድሮ መካኒክ

«ጓ» የሚለው የታችኛው ቴስቲና ይሆናል፤ እሱ ቀላል ነው። የፖምፓውን ጉዳይ በቻሲ ቁጥሩ ዛሬውኑ ዲለር ጠይቅ፤ ተቀይሮ ካልሆነ ዋስትናው ገና አላለቀም። ደረሰኞቹን በስልክህ ፎቶ አንሳቸውና ላክልኝ። ባለቤቱ ከፈቀዱ ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዥ ይዘሃት ና፤ ሊፍት ላይ ሰቅለን ከስር እናያታለን። ቀብድ ግን ከዚያ በፊት አትስጥ።

ካምሪ ይበቃናል

ጋሼ፣ እኔም ቅዳሜ ልምጣ? የኔዋ ካምሪ ዘይት ትበላለች።